ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ጋብቻሽ ምዝገባ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጋብቻ ምዝገባ በሄድሽበት የራቢዎች (የአይሁድ ሃይማኖት መምህራን) ቢሮ፣ እዚሁ እስራኤል ተወልደሽ ሳለ፣ አይሁዳዊነትሽን የሚያረጋግጥ ተጨማሪ ማስረጃ አምጪ መባልሽን ጽፈሽልኛል። ጉዳዩ የሃይማኖት ነው ወይስ የቀለም ብለሽም ጠይቀሽኛል። ሁለቱ እንዲህ ተጠላልፈው ስለኖሩ በአንድ ቃል ልመልስልሽ አልችልም።

በጎንደር ሳለን እኛ ቤተ እስራኤላውያን መልካችን ከጎረቤቶቻችን አይለይም ነበር። ፈላሻ ተብለን፣ ርስት ተነፍገን፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በመሆናችን ቡዳ እየተባልን የኖርነው ስለ ኦሪታችን ነው። እዚህ ስንደርስ ደግሞ ያ ሃይማኖት ራሱ መጠየቂያ ሆነብን።

የራቢዎቹ ክርክር ሁሉ ሰበብ ነበር አልልሽም፤ ቄሶቻችን ራቢዎቹ የሚመሩበትን የሕግ መጽሐፍ፣ ታልሙድን፣ አያውቁም ነበር፣ የፍቺ ሥርዓታችንም ከእነርሱ ስለሚለይ በሕጋቸው በእውነት የሚያሳስባቸው ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ዋና ራቢው ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከዳን ነገድ የመጣን አይሁዳውያን ነን ብለው ከወሰኑ፣ መንግሥትም በ1975 አይሁዳውያን ወደ እስራኤል ገብተው ዜጋ የሚሆኑበት የመመለስ ሕግ እኛንም እንዲያካትት ከተቀበለ በኋላ፣ በሱዳን በኩል የመጡት ወገኖቻችን እንደ አዲስ አማኝ ሚክቬ (የመንጻት ጥምቀት ውሃ) እንዲገቡ ተጠየቁ። በወር አበባቸው ወቅት በመርገም ጎጆ ተለይተው የሚቆዩ ሴቶች፣ ባዕድ ከነካቸው ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤት የማይገቡ ሽማግሌዎች ንጹ መባላቸውን እስቲ አስቢው! በ1985 በኢየሩሳሌም ከዋናው ራባኑት (ከራቢዎቹ የበላይ መሥሪያ ቤት) ፊት ለሳምንታት የተቀመጡት ስለዚህ ነበር። ከእኛ በፊት ከሕንድ የመጡት፣ ቤኔ እስራኤል የሚባሉት አይሁዳውያንም በ1960ዎቹ ስለ ጋብቻቸው ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸው አደባባይ ወጥተዋል፤ ጥርጣሬው እንደ ሕዝብ በጅምላ ያረፈው በጠቆርነው ላይ መሆኑን ልብ በይ።

በ1996 የለገስነው ደም በምስጢር ሲጣል መኖሩ በታወቀ ጊዜ የተሰጠው ምክንያት የጤና እንጂ የሃይማኖት አልነበረም። በ2018 ደግሞ አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ፣ አይሁዳዊ ያልሆነ የነካው ወይን በሕጉ ስለማይፈቀድና የምግብ ንጽሕና ተቆጣጣሪዎቹ አይሁዳዊነታቸውን ስለ ተጠራጠሩ፣ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ አዛወረ። ይህን ዘረኝነት ነው ብለው በአደባባይ ያወገዙት የዚያው የኦቫድያ ልጅ፣ በወቅቱ ዋና ራቢ የነበሩት ይስሐቅ ዮሴፍ ናቸው። ስለዚህ ራቢ ሁሉ አንድ ነው አትበይ፤ የናታንያ ከተማ ራቢ ዳቪድ ሸሉሽም ሌሎች በራቸውን በዘጉበት ዘመን ልጆቻችንን ያለ ቅድመ ሁኔታ ያጋቡ ነበር።

የአያቶችሽን የዓልያ (ወደ እስራኤል የመግቢያ) ወረቀት ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። በዚያ ቢሮ ካልተቀበሉሽ በሌላ ከተማ መመዝገብ ትችያለሽ። እንደ ማንኛዋም ሙሽራ ከሠርግሽ በፊት ሚክቬ ግቢ፤ ሃይማኖት እንደሚለውጥ ሰው ግቢ ካሉሽ ግን ምንም ሳትፈርሚ ወጥተሽ ደውይልኝ፣ እኔና ቄሱ አብረንሽ እንመጣለን።

አባትሽ