ወደ ትምህርት ቤት ስለሚላክ መድኃኒትና ስለ ጊኒ ፒጎቻችን ጤና ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና መርሐ ግብር በልጆቻችሁ ደብተር ላይ ተለጥፎ ተልኳል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ረቡዕ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በሶፍት የተጠቀለለ የአሞክሳሲሊን (ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት) ካፕሱል ይዞ መጥቶ፣ በቅርቡ ለሳይንስ ትምህርት ካመጣናቸው ሁለት ጊኒ ፒጎች (የአይጥ ዘመድ የሆኑ ትንንሽ ለማዳ እንስሳት) መካከል ልጆቹ ዳማ ለሚሏት፣ ዱቄቱን ጎመን ላይ ነስንሶ አብልቷታል። ልጁን አንወቅስም፤ ዳማ ስታነጥስ አይቶ ለቤተሰቡ ነገረ፣ ቤተሰቡም በቅንነት ከቤት የተረፈውን ላከ። በማግስቱ ግን ዳማ ሣር መብላት አቆመች፣ ተቅማጥ ያዛት፣ ጥግ ይዛ ጸጉሯን አቁማ ተኮራመተች። ከቢሾፍቱ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ሲመዝናት ሰኞ 780 ግራም የነበረችው 690 ደርሳለች። ማስነጠሷን ያመጣውም ያነጠፍንላት ሰጋቱራ አቧራ ነበር፤ ይህ የእኛ ጥፋት ነው፣ ያኔውኑ በደረቅ ሣር ተክተነዋል።

«ለልጃችን የሚታዘዝ መድኃኒት እንስሳን እንዴት ይጎዳል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይጎዳል። ጊኒ ፒግ የበላችው ሣር የሚብላላው በአንጀቷ ውስጥ ባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው፤ አሞክሳሲሊንን ጨምሮ የፔኒሲሊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች እነዚህን ሲገድሉ መርዝ የሚያመነጩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ እንስሳዋም በጥቂት ቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። «ትንሽ ብቻ ብንሰጣትስ?» ለሚልም ወላጅ መልሳችን ያው ነው። ደግሞስ ካፕሱሉን የስምንት ዓመት ልጅ በቦርሳው ይዞ ሲዞር ራሱ ወይም ጓደኛው ቢውጠውስ?

«ለአይጥ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል አስተያየትም በር ላይ ሰምተናል። ጊኒ ፒግ የአይጥ ዘመድ መሆኗ እውነት ነው፤ ሆኖም ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የመጣች፣ በሰው እጅ ለሺህ ዓመታት የኖረች ለማዳ እንስሳ እንጂ ጣሪያችን ላይ የምትሮጠው አይደለችም። በሽታ ታስተላልፋለች ብላችሁ የሰጋችሁ ስጋታችሁ ተገቢ ነው፤ ጭርት ከእሷ ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ሲመጡ ሁለት ሳምንት ለብቻቸው አቆይተን ቆዳቸውን ያስመረመርነው፣ ነክቷቸው እጁን በሳሙና ያልታጠበ ልጅም ወደ ክፍል እንዳይገባ ያደረግነው ለዚሁ ነው። የሐኪሙን ክፍያም መምህራን አዋጥተው ከፍለዋል፤ በወርኃዊ ክፍያችሁ ላይ አንድ ብር አልተጨመረም፣ አይጨመርምም።

መርዳት ለምትፈልጉ፣ የሚያስፈልገን ጎመንና የማያቃጥል የፈረንጅ ቃሪያ ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ ሰውነቷ አይሠራላትም፤ ከምግቧ ካላገኘች ድዷ ይደማል፣ መገጣጠሚያዋ ያብጣል፣ መራመድም ያቅታታል። ስለዚህ ታጥቦ የተላከ አንድ እፍኝ ጎመን ከማንኛውም ካፕሱል በላይ ይጠቅማታል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ድንችና በተለይ አቮካዶ ግን እባካችሁ አትላኩ፤ ይህን ስንጽፍ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው።

ከእንግዲህ ለእንስሳቱ ተብሎ የተላከ ማንኛውም መድኃኒት በቢሮ ተቀምጦ የሚመለሰው ወላጅ ራሱ ሲመጣ ብቻ ነው። ልጁ ራሱ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ከሐኪም ማዘዣው ጋር ለትምህርት ቤቱ ነርስ በእጅ ይሰጥ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ብሎ ቢሮ ለሚመጣ ወላጅ ዳማ ላይ የደረሰውም በአንድ ጊዜ መሆኑን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ዳማ ዛሬ ጠዋት 720 ግራም መዝናለች፤ በውኃ የራሰ መኖ በስሪንጅ እያጎረስን መመገባችንን ግን ገና አላቆምንም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር