አድራሻዬ ተቀይሯል

ሸዋ ሮቢት
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣ እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? ጉልበትሽ ተሻለሽ?

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሁለታችንም። ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤውን ስታይ ልብሽ ድንግጥ እንዳይል ብዬ ነው።

ሦስት ዓመት የጠፋሁት በኔትወርክ ምክንያት ነው ብልሽ ታምኚኝ ነበር። ኔትወርኩም ጠፍቶ የከረመበት ጊዜ ነበርና። ግን አይደለም፤ ቂም ነው። ያን ማታ በስልክ "ሰው በሽተኛ ይዞ ሽርሽር ይወጣል እንዴ? ያውም በዚህ ኑሮ!" አልሽኝ። ዘጋሁብሽ። በማግስቱ ልደውል አልኩና አፈርኩ። ከዚያ ቀኑ ሄደ፤ ቀን ሲሄድ ደግሞ አፍ ይተሳሰራል። እንግዲህ አሁን ልመልስልሽ። ግማሹን ልክ ነበርሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድምሽ ሕመም የሳንባ ጠባሳ ነው ከተባለ በኋላ ሐኪሙ ጠባሳው ተመልሶ እንደማይለቅ አልደበቀንም። ማዘግየት እንጂ ማዳን የለም አለን። ወንድምሽን ታውቂው የለ፣ ምንም አልተናገረም። ቤት ገብተን ቡና እየፈላ ሳለ ብቻ "ኢየሩሳሌምን ሳልሳለም መቅረቴ ነው" አለ። ይህችን ቃል በስልክ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው።

ከተሳላሚዎቹ ጋር እንሂድ እንዳንል፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነው። በሌሊት ይነሳል፣ ይጾማል፣ ሲሮጥ ይውላል። እሱ ደግሞ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ይቆማል። ልጅቷ አሜሪካ ሆና ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ጉዞ የሚያዘጋጅ ድርጅት አገኘች። የራስ መኪና፣ የራስ አስጎብኚ፣ ትልቅ ሆቴል። ዋጋውን አልነግርሽም። እኔም የሰማሁት ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ነው።

የድርጅቱ ሴትዮ ስትደውልልኝ ስለ ሆቴሉ ታወራለች ብዬ ነበር። ጥያቄ ብቻ! ስንት ደረጃ ሳያርፍ ይወጣል? ጋደም ብሎ ይተኛል ወይስ ትራስ ተደግፎ? ሌሊት ኦክስጅን ይፈልጋል? መታጠቢያ ቤት ማን ያግዘዋል? እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ደፈር አልኩና "እዚያ ቢሞትብኝስ?" አልኳት። "እግዜር አያምጣው" ብላ አላለፈችኝም። የጉዞ መድን ስትገቡ በሽታውን አትደብቁ፤ ከደበቃችሁ አይከፍሉም። አስከሬን ወደ አገር መመለስን የሚጨምር መሆኑን በጽሑፍ ተቀበሉ አለችኝ። ያን ሌሊት ከስንት ወር በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንዴት ይሄ ያስተኛል ትዪኝ ይሆናል። አስተኛኝ።

አውሮፕላኑን ግን ፈርቼ ነበር። ሐኪሙ ሳቀብኝ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው፤ አንቺ የምትኖሪው ደብረ ብርሃን 2,800 ላይ አይደለም ወይ አለኝ። ቤታችን ከአውሮፕላኑ በላይ ኖሯል! ቢሆንም የአየር መንገዱን የሕክምና ቅጽ ሞላልን። የራስን የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ መግባት አይፈቀድም። በእጅ የምትያዝ፣ በባትሪ የምትሠራ የኦክስጅን ማሽን ተከራየን። ባትሪው ለበረራው ሰዓት ብቻ ሳይሆን ለግማሹ ተጨማሪ እንዲበቃ፣ በዚያ ላይ በእጅ ሻንጣ እንጂ ከታች እንዳይጫን ተባልን። ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ አራት ሰዓት ያህል ነው። እሱ ተኛ። እኔ ባትሪ ስቆጥር ደረስኩ።

አሁን ልክ ወደነበርሽበት ግማሽ ልምጣ። ሆቴሉ ጉድ ነው። የእምነበረድ ገንዳ አለው፣ ግን ጠርዙ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል! በሽተኛ በየት በኩል ይግባበት? ተስማምተን የነበረው ወለሉ ላይ ለሚታጠቡበት ክፍል ነው። ተጨቃጭቄ በማግስቱ ቀየሩልን። ቁርሱ ሠርግ ይደግሳል፤ እሱ ግን ከቤት የያዝኩለትን በሶ አስበጥብጦ ጠጣ። ያ ሁሉ ብር ለማን ነው የተከፈለው እያልኩ አንቺን አስታወስኩ። ደውዬ ልነግርሽ ነበር፣ እልህ ያዘኝ።

ያልተቆጨሁበት ብር ሹፌሩ ነው። "ቶሎ በሉ" የሚል ቃል አልወጣውም። አንድ ቀን ለመልበስ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ወርደን ብናይ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። በቀን አንድ ቦታ ብቻ ነበር የምንሄደው፤ ካልቻለም እንቀራለን። ቤት እያለን ሐኪም ቤቱም፣ ወረፋውም፣ ታክሲውም ያጣድፈዋል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አጣድፈዋለሁ።

ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። አፄ ዮሐንስ አስጀምረዋት በምኒልክ ዘመን ያለቀች ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። መንገዱ ራሱ የኢትዮጵያ መንገድ ይባላል። ወንድምሽ ምኒልክን "የአንጎለላው ልጅ እዚህም ደርሷል" ብሎ ኮራ፤ የእሱ ዘመድ ይመስል።

ዴር ሱልጣን ላይ ግን ደረጃው አቸነፈን። ገዳማችን ያለው የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። ሹፌሩ "ለሁለት ሆነን በወንበሩ እናወጣዋለን" አለ። ወንድምሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ተሸክማችሁ የምትወስዱኝ ቀን ገና ነው።" ከገበያው መሐል አንድ ነጋዴ በርጩማ ሰጠውና ቁጭ አለ። እኔ ብቻዬን ወጣሁ። ያችን ጠባብ ጠባብ የመነኮሳት ቤት አይቼ እያለቀስኩ ለአንዱ አባት ነገርኳቸው። መስቀላቸውን ይዘው ወረዱልኝ። ዳቦ ሻጩ፣ ቱሪስቱ፣ ልጁ ሁሉ እየተጋፋ እዚያው በርጩማው ላይ እንዳለ አሳለሙት። ከዚያ ወዲያ ጣሪያውን አላነሳብኝም።

ከዚያ ሙት ባሕር። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ጆሮሽ ድፍን የሚለው ነገር አለ አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። መንገዱ ዳር የባሕር ወለል እዚህ ነው የሚል ምልክት አለ፤ መኪናው ግን ገና ይወርዳል። ታችኛው ዳርቻ ከባሕር ወለል 430 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ያቺን ጣት ላይ የምትደረግ የደም ኦክስጅን መለኪያ አውጥቼ አደረግኩለት። ደብረ ብርሃን 79 ነበረች። ኢየሩሳሌም 88። እዚህ 93! ተበላሽታ ነው ብዬ በራሴ ጣት ሞከርኳት። ደህና ናት።

እሱ እግሩን ብቻ ነከረ። እኔ በቀሚሴ ገባሁ። ያ ውኃ ጨው ብቻ ነው፣ አያሰምጥም፤ እንደ ቡሽ ገልብጦ አንሳፈፈኝ። መነሳት አቃተኝ። እግሬ ወደ ላይ፣ ነጠላዬ ወዲያ። ወንድምሽ ሳቀ። ሳይስል ሳቀ። የመጨረሻውን እንዲህ ያለ ሳቅ የሰማሁበትን ዓመት አላስታውስም። ከዚያ እኔን እያየ ዝም አለ፤ እኔም ውኃው ላይ እንደተንጋለልኩ ዝም አልኩ።

ተመለስን። ደብረ ብርሃን እንደገባን ቁጥሯ ወረደች። አንድ የቀድሞ ሐኪም ቆላ ውረዱ ብሎን ነበር፤ ደገኛ ለወባ ይወርዳል ወይ ብለን ስቀንበት ነበር። በዓይናችን ካየን በኋላም ቢሆን ዓመት ከመንፈቅ ፈጀን። ቤት አለ፣ ደብር አለ፣ ዕድር አለ። ዕድሩን አልለቀቅኩም፤ ወርሃዊውን በቴሌብር እልካለሁ። በመጨረሻ ሸዋ ሮቢት ሁለት ክፍል ተከራየን። ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው።

ዳነ አልልሽም። ጠባሳው አልቆመም። እዚህም ዘንድሮ 86 ናት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የኦክስጅን ማሽኑ ቆሞ ልቤ አብሮ ይቆማል። ግን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ወጥቶ ሽንኩርት የጫኑትን አይሱዙዎች ይቆጥራል። የመንዝ ሰው ሽርጥ ታጥቆ! ብታዪው ትሞቻለሽ።

መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ነይ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሳትነሺ ደውይ፣ አሁን አነሳለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ስትቆሚ የገብስ ቆሎ ግዢለት፤ የዚህ አገሩን አይወድም። ብርድ ልብስ አትያዢ። አጎበር አለኝ።

ያንቺው