ይሰፋል ተብሎ ተገዝቶ ስለቀረበልን የሚዜ ቀሚስ የቀረበ ቅሬታ

ለልብስ ስፌት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ አምስት የሚዜ ቀሚሶች በውሉ መሠረት ባለመሠራታቸው ገንዘብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

የእህቴን ሠርግ የልብስ ጉዳይ የያዝኩት እኔ ነኝ። ውሉን የፈረምኩት፣ ቀብዱን የከፈልኩት፣ ቀሚሶቹንም የተረከብኩት እኔ ስለሆንኩ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሙሽራዋና በአምስቱ ሚዜዎቿ ስም ነው። ስደውልላችሁ የተሰጠኝ መልስ “ሠርጉ እንደሆነ በሰላም አልፏል፣ አሁን ምን ይደረግ?” የሚል ነበር። በሰላም ያለፈው ግን ሌላ ልብስ ሰፊ ሌሊቱን ስትፈታና ስትሰፋ ስላደረች ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ በጽሑፍ ላስረዳችሁ።

እናንተ ዘንድ ከመምጣታችን በፊት ቤት ውስጥ ሐሳባችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እህቴ “ተገዝቶ ይለቅልን” ባይ ነበረች። የተገዛ ልብስ ከመስቀያው ወርዶ ሲለበስ ምን እንደሚመስል እዚያው ይታያል፣ ካልሆነ ይመለሳል፣ ቀኑ ሲደርስም ልብስ ሰፊ ደጅ አይጠናም። እውነቷን ነው። እኔ ማሰፋቱን የመረጥኩት ሚዜዎቹን አይቼ ነው። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ አንዷ ቁመቷ ከሌሎቹ እጅግ ይረዝማል፤ ሌላዋ ደግሞ ደረቷ ሰፊ፣ ወገቧ ቀጭን ነው። ፋብሪካ ደረትን፣ ወገብንና ዳሌን በአንድ ቁጥር አስሮ ነው የሚቆርጠው። ደረቷ በአንድ ቁጥር፣ ወገቧ በሌላ የሚወድቅ ሴት በትልቁ ገዝታ ማስጠበብ ግድ ይላታል። ማጥበብና ማሳጠር ደግሞ ይቻላል። ማስፋትና ማስረዘም ሲመጣ ነው ጣጣው፤ ፋብሪካ በስፌቱ ውስጥ የሚተወው ትርፍ ጨርቅ ጥቂት ስለሆነ የሚለቀቅ ነገር አይገኝም።

ይህንኑ ለባለሙያችሁ ስንነግራት “ለዚህ አይደል እንዴ ሰው የሚያሰፋው!” አለችን። ደስ የምትል፣ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ መስላ ታየችን፤ አሁንም ቢሆን ጥፋቱ የእሷ ነው አልልም። አምስቱም ከአንድ ጣቃ እንደሚቆረጡ፣ መጀመሪያ በአቡጀዲ ተሰፍቶ ፕሮቫ (የልክ ሙከራ) እንደሚደረግ፣ ለነፍሰ ጡሯ ግራና ቀኝ 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ እንደሚተውላት፣ ቅምቅማቱም እያንዳንዷ የሠርጉን ቀን ጫማ አድርጋ ቆማ እንደሚለካ ተስማማን። እነዚህን ሁሉ በውሉ ጀርባ ላይ በእጇ ጽፋልናለች። ቅጂው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

የአንዱ ጣቃ ነገር የእኛ ቅብጠት እንዳይመስላችሁ። ጨርቅ በየዙሩ ሲቀለም የቀለሙ ስምና ቁጥር አንድ ቢሆንም እንኳ ትንሽ መለያየት አያጣውም። አንድ ሰው ብቻውን ሲለብሰው ማንም ልብ አይለውም። አምስት ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው ፎቶ ሲነሡ ግን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

አቡጀዲውን በዓይናችን አላየነውም። ለፕሮቫ መቼ እንምጣ ባልን ቁጥር “ጨርቁ ገና ነው”፣ “ቆራጩ ታሞ ነው”፣ “በሚቀጥለው ሳምንት” ስንባል ቆይተን ቀሚሶቹን የተረከብነው ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማታ፣ በአምፖል ብርሃን ነው። ያኔ አምስቱም አንድ ዓይነት ቦርዶ ይመስሉ ነበር። ጠዋት መስኮት አጠገብ ስንሰቅላቸው ሦስቱ ወደ ቀይ፣ ሁለቱ ወደ ቡኒ አደሉ። ማቅለሚያቸው የተለያየ ጨርቆች በአንድ ብርሃን ተመሳስለው በሌላው እንደሚለያዩ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ይሄኔ ነው ቀሚሶቹን ገልብጬ ማየት የጀመርኩት። ሦስቱ በውስጥ በኩል ገበራቸው ወፈር ያለ፣ ዚፓቸው ከጀርባ የገባ ድብቅ ዚፕ ነው። የሁለቱ ገበር ሙልጭልጭ የሚል ስስ ጨርቅ ሲሆን ዚፓቸው በግራ ጎን ነው። የእነዚህ የሁለቱ አንገት ከኋላ በኩል፣ ማርካ በሚሰፋበት ቦታ ላይ፣ በተርታ የተበሱ የመርፌ ቀዳዳዎች አሉ። በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ የተረሳ ነጭ ክር ቀርቷል። ከዚያ በታች በጎኑ ስፌት ውስጥ አጠባቡና አተኳኮሱ የሚጻፍባት ነጭ ሪባን በመቀስ ተቆርጣ ሥሯ ቀርቷል፤ የካውያው ሥዕል ግማሹ አሁንም ይታያል። በልክ በተሰፋ ቀሚስ ውስጥ የፋብሪካ ሪባን ምን ይሠራል?

እንግዲህ እህቴ ያለችው ሆነ ማለት ነው፤ ተገዛ። የገዛነው ግን እኛ አይደለንም፤ መርጠን አልለካነውም፣ መመለስም አንችልም፣ የከፈልነውም የማሰፊያ ዋጋ ነው።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሁለቱ ቀሚሶች የደረሱት ለማን መሰላችሁ? ለነፍሰ ጡሯና ለረጅሟ። እናንተ ዘንድ የመጣነው በእነሱ ምክንያት ነው፤ ሌሎቹን ቢሆን ከየትም ገዝተን እናለብሳቸው ነበር። የነፍሰ ጡሯ ዚፕ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። እንልቀቀው ብለን ስናይ በጎኑ ያለው ትርፍ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የረጅሟ ቀሚስ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀረ። ሌላ ልብስ ሰፊ ለምነን ሚዜዎቹ ሊደርቧቸው ከነበሩት ሻርፖች ጨርቅ ቆርጣ በነፍሰ ጡሯ ቀሚስ ግራና ቀኝ ማስገቢያ ሰፋችላት፤ በረጅሟም ከታች ዙሪያውን ቀጠለችበት። እጇ ይባረክና ከሩቅ አያስታውቅም። ሻርፖቹ ግን በዚያው ቀሩ። የከፈልንበት ደረሰኝ ተያይዟል።

የተሰፉት ሦስቱ ቀሚሶች ከወገብ በላይ ጥሩ ሥራ እንደሆኑ ልደብቅ አልፈልግም። በተለይ ደረቷ ሰፊ ለሆነችው የተሰፋው ልክ ቆዳዋ ላይ የተቆረጠ ይመስላል። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው፤ ሥራውን ትችሉታላችሁ። ቅምቅማታቸው ግን ተጣድፎ የተሠራ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ሽፎን በራሱ ክብደት ስለሚለጠጥ ተሰቅሎ ቢያንስ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ነው የሚለካውና የሚቀመቀመው። የእናንተ ሳይሰቀል ስለተቀመቀመ ፊት ለፊቱ ጫማ ያሳያል፣ ጎንና ጎኑ መሬት ይጠርጋል።

በስልክ ያነጋገረኝ ሰው በመጨረሻ “ሥራ ስለበዛብን ሁለቱን ውጭ አሰፋናቸው” ብሎኛል። እንዲህ ከሆነ ማስረዳቱ ቀላል ነው። በሁለቱ ሴቶች ልክ የተቆረጠውን የወረቀት ቅድ አሳዩኝ። የጨርቁንም ሒሳብ እንተሳሰብ። ለአንድ ቀሚስ 4 ሜትር ብላችሁ የ20 ሜትር ዋጋ ተቀብላችኋል። ከዚያ ጣቃ የተቆረጡት ሦስት ናቸው፤ 12 ሜትር ማለት ነው። ቀሪው 8 ሜትር የት ገባ?

በመሆኑም የሁለቱን ቀሚሶች ሙሉ የስፌት ክፍያ፣ የ8 ሜትሩን ጨርቅ ዋጋ ወይም ጨርቁን ራሱን፣ እንዲሁም ለሌላዋ ልብስ ሰፊ የከፈልነውን ማስተካከያ በደረሰኙ መሠረት እንድትመልሱልን እጠይቃለሁ። ሦስቱን ቀሚሶች ባለቤቶቻቸው ለሌላ ጊዜ ሊለብሷቸው ስለሚፈልጉ ቅምቅማታቸው ያለ ክፍያ ይስተካከል። ለዚያ ሌሊት ድካምና ለፎቶው ካሣ አልጠይቅም፤ በገንዘብ የሚለካ አይደለምና።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡኝ አሳስባለሁ። ካልሆነ ውሉን፣ ደረሰኞቹንና የቀሚሶቹን የውስጥ ፎቶ ይዤ የሸማቾችን ቅሬታ ለሚያይ አካል አመለክታለሁ። ሁለቱ ቀሚሶች እኔ ዘንድ አሉ። ልታዩአቸው ከፈለጋችሁ ቀን መርጣችሁ ንገሩኝና መጥታችሁ እዩ። ለማንም ግን፣ በድርጅቱ ማኅተም የተረጋገጠ መረከቢያ ሳይፈረም፣ አላስረክብም።

ከሰላምታ ጋር
የሙሽራዋ እህት

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ ከነጀርባው፣ የክፍያ ደረሰኞች፣ የማስተካከያ ደረሰኝ፣ የቀሚሶቹ የውስጥ ፎቶዎች