ስለ ሳይንስ ልብ ወለድና ስለ ፋንታሲ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሳይንስ ልብ ወለድ የሚመዘነው የወደፊቱን አስቀድሞ በማየቱ ነው፣ በአስማት ዓለም የሚተርከው ፋንታሲ ግን እንዲህ ያለ ሚዛን ስለሌለው ከተረት አያልፍም ብለሽ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። ባልስማማበትም አስበሽ የደረስሽበት ሐሳብ ስለሆነ በቁም ነገር ልመልስልሽ እወዳለሁ።

ትንቢት ሚዛን ከሆነማ ዡል ቬርንን የሚቀድመው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ሰዎችን ከፍሎሪዳ ወደ ጨረቃ ልኳል፤ በ1969 አፖሎ 11 ሦስት ሰዎችን ይዞ የተነሣው ከዚያው ከፍሎሪዳ ነው። ይሁን እንጂ ቬርን መንገደኞቹን የላካቸው በመድፍ ተኩሶ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ተኩስ በእውነት ቢሞከር ሰዎቹ ገና ከመድፉ አፍ ሳይወጡ ይሞቱ ነበር። መጽሐፉን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ጉዞ የመንገደኞቹን ልብ ስላልለወጠው የአንዳቸውም ነገር ውስጤ አልቀረም።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ደራሲው የፈጠረው ዓለም ሕግ አለው ወይ? ሕጉስ በሰዎቹ ኑሮ ላይ ይከብዳል ወይ? በ1965 የወጣውን የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» ተመልከቺ። አራኪስ የተባለችው ፕላኔት ከዳር እስከ ዳር በረሃ ስለሆነች፣ ነዋሪዎቿ ላባቸውንና የትንፋሻቸውን እርጥበት መልሶ የሚያጠራቅም ልብስ ይለብሳሉ፤ ሰው ሲሞትም የአካሉ ውሃ የወገኑ ነው። የበረሃው ሰው ስቲልጋር በመስፍኑ በሌቶ ፊት ጠረጴዛው ላይ ምራቁን ሲተፋ የመስፍኑ ሰዎች በቁጣ ይነሣሉ፤ ከሰውነቱ እርጥበት ማካፈሉ ግን ታላቅ የአክብሮት ስጦታ ነበር። ኋላም የመስፍኑ ልጅ ወጣቱ ፖል በፍልሚያ ለገደለው ሰው በስንብቱ ሥርዓት ላይ ሲያለቅስ፣ በዙሪያው ያሉት «ለሙት ውሃ ሰጠ» እያሉ ይደነቃሉ። ለቅሶ መድረስ ግዴታ በሆነበት አገር ላደግን ለእኛ፣ እንባ እንዲህ የሚወደድበትን ምድር ማሰብ ልብ ይነካል። እዚህ ላይ ደርሼ በዚያ በረሃ አሸዋ ውስጥ የሚኖሩት ግዙፍ ትሎች በሥነ ሕይወት ሕግ ሊኖሩ ይችላሉ ወይ ብዬ ልጠይቅ አልሻም።

ፋንታሲም በዚሁ ይመዘናል። ኧርዝሲ በተባለው የኡርሱላ ሌ ጉዊን ተከታታይ ልብ ወለድ የመጀመሪያ መጽሐፍ ወጣቱ ጌድ ችሎታውን ለማሳየት ሲል በትዕቢት የሙታንን መንፈስ ይጠራል፤ በከፈተው ቀዳዳ ጥላ ወጥቶ ያሳድደዋል፣ ቀዳዳውን የዘጉት አረጋዊ መምህርም ሕይወታቸውን ይከፍላሉ። አስማቱ ዋጋ የሚያስከፍል ስለሆነ በማንኛውም መንኮራኩር ከተሞላ ታሪክ ይልቅ አምነዋለሁ። በአንጻሩ ደራሲው በተቸገረ ቁጥር ከች ብሎ የሚያድን አስማት ሲገጥመኝ መጽሐፉን እዘጋለሁ፤ ማሽንም ቢሆን ያው ነው።

የሰጠሽውን ሚዛን አጥብቆ የሚፈትነው ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልሽ የኦክታቪያ በትለር «ኪንድሬድ» ነው። በ1976 ካሊፎርኒያ የምትኖረው ጥቁር ሴት ዳና ባርነት ወደነበረበት ዘመን፣ ወደ ሜሪላንድ ትሳባለች፤ የራሷ ዘር እንዳይቋረጥ የባሪያ አሳዳሪውን ልጅ ከሞት ማዳን አለባት፤ አያት ቅድመ አያቷ እርሱ ነውና። በዘመን መካከል እንዴት እንደተጓዘች ደራሲዋ አንዲት ቃል አታስረዳም፤ መጽሐፉንም ሳይንስ ልብ ወለድ ብላ አልጠራችውም። ትክክል ናት እላለሁ፤ ማሽን ቢኖር ኖሮ ዳና ልታጠፋው ትችል ነበር፣ እኛም ዓይናችንን ባሮቹ ከሚለፉበት እርሻ ላይ አንሥተን ማሽኑን እንመረምር ነበር።

ዳና ከመጨረሻው ጉዞ ስትመለስ ግራ ክንዷን እንዳጣች ገና በመጀመሪያው ገጽ ታነቢያለሽ። ደራሲዋ ሙሉ አካሏን ይዛ እንድትመለስ ያልፈቀደችላት ለምን ይመስልሻል? አንብበሽ ስትጨርሺ ይህን ጻፊልኝ።

አባትሽ