የእንግሊዝኛ ክበብ ዓመት፦ አንዲት "ሊቭ"

ዘንድሮ የእንግሊዝኛ ክበባችን ክርክር አካሂዷል፣ በሰልፍ ላይ ዜና አንብቧል፣ የግድግዳ ጋዜጣም አውጥቷል። እኔ ግን ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ዓመቱን ሙሉ ስላከራከረችን አንዲት የእንግሊዝኛ ግሥ፣ ስለ "ሊቭ" (leave) ነው።

ነገሩ የተነሳው አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ስለ ጉዞው ጽፎ ሲያነብልን ነው። "አይ ሌፍት ፍሮም ቢቸና ቱ ባሕር ዳር" አለ፤ "ሌፍት" የ"ሊቭ" ኃላፊ ጊዜ ናት። በአማርኛ "ከቢቸና ወደ ባሕር ዳር ሄድኩ" ስለምንል አፉ ላይ የመጣለት ይኸው ነው። የተለመደው አባባል ግን "አይ ሌፍት ቢቸና ፎር ባሕር ዳር" ነው። "ፍሮም" የምትገባው አውቶቡሱ ከየትኛው መናኸሪያ እንደሚነሳ ስንናገርና እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ሕጉን ነገርኳቸው፣ ረሱት። ደግሜ ነገርኳቸው፣ ደግመው ረሱት። በኋላ የቃሏን ሥር አነሳሁላቸው። "ሊቭ" በጥንቱ እንግሊዝኛ ማስቀረት፣ መተው፣ ማውረስ ማለት ነበረች፤ መሄድ የሚለው ትርጉም የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬም ደብተሩን ቤት ትቶ የመጣ ልጅ በዚችው ግሥ ነው የሚናገረው። እንግዲህ ከቢቸና የሚሄድ ሰው ቢቸናን ከኋላው እየተወ ነው ስላቸው፣ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር "ቲቸር፣ ታዲያ ለቀቀ ማለት ነዋ! አገሩን ለቀቀ እንል የለ?" አለች። በቃ፣ "ከአገሩ" ሳይሆን "አገሩን" ነው፤ ያቺ "ን" ሁሉንም ፈታችው። እኔ ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር እንዲህ አድርጌ አስረድቼው አላውቅም።

ግራ ማለት የሆነው "ሌፍት" ሌላ ቃል ነው፣ ዝምድና የላቸውም። አነጋገሩ ግን ገና ይቀረናል። መኖር የሚለው ግሥ (live) ድምፁ አጭር ነው፣ መልቀቅ የሚለው (leave) ይረዝማል፤ እኛ ሁለቱንም አንድ አድርገን እንጠራቸዋለን። በሚቀጥለው ዓመት የምንጀምረው ከዚሁ ነው።

በመጨረሻው ስብሰባ፣ የ12ኛ ክፍል ልጆች ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ ሲሉ፣ ሁሉም በ"ሊቭ" አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አንዷ "አይ አም ሊቪንግ ቢቸና፣ በት አይ አም ሊቪንግ ማይ ማዘር ሂር" ብላ ሰጠችኝ። ቢቸናን ልለቅ ነው፣ እናቴን ግን እዚህ ትቻት ነው የምሄደው። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የሚታረም ነገር አልነበረውም። ወረቀቱ አሁን የክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።