ሞተር ነጂው ይሠልጥን እንጂ ሞተሩ አይታገድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፦

በቅርቡ ባወጣችሁት እትም፣ ሞተር ብስክሌት ከባሕር ዳር ጎዳናዎች ጨርሶ ይታገድ የሚል የአንድ አንባቢ ደብዳቤ አይቻለሁ። ጸሐፊው የወንድማቸው ልጅ በሞተር ተገጭቶ ለወራት አልጋ ላይ እንደዋለ ጽፈዋልና ምሬታቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ለልጁም እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድለት። ሆኖም ያቀረቡት መፍትሔ ጉዳቱን የሚያስቀር አይመስለኝም። በተጨማሪም ሞተር ነጂዎች ከየከተማው ተጠራርተው የሚያደርጉትን ስብሰባ ከጩኸትና ከመታየት ያለፈ ፋይዳ የሌለው አድርገው አቅርበውታል። እኔ ከእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ በአንዱ ተገኝቼ ብዙ የተማርሁ ሰው ነኝና ሳልመልስ ማለፍ አልቻልሁም።

ወደዚያ ስብሰባ የሄድሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ከአንድ የረጅም ዘመን ጓደኛዬ ጋር ነው። እርሱ ነርስ ነው፤ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ እየተመደበ የሥራ ዘመኑን በሞተር ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። እኔም በግብርና ባለሙያነት ስሠራ ከቀበሌ ቀበሌ የምዞረው በመሥሪያ ቤቱ ያማሃ ነበር። ስብሰባው ቢሾፍቱ ላይ ስለነበር፣ በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ አዲስ አበባ ያለውን 565 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያም ወዲያ 45 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በየራሳችን 150 ሲሲ ሞተር ልንጓዝ ተነሣን። ለእንዲህ ያለ መንገድ ጉልበትና ወኔ ብቻ አይበቃም። ጓደኛዬ በዋዜማው ምሽት ደንቡን አስቀምጦ ነበር፦ ጎን ለጎን አንነዳም፤ የፊተኛው የመስመሩን ግራ ሲይዝ የኋለኛው ቀኙን ይይዛል፤ በመካከላችን ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት ይኖራል፤ የኋለኛው ከስፖኪዮ ከጠፋ የፊተኛው ዳር ይዞ ይጠብቃል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የትም ብንሆን እናድራለን። ይህ የመጨረሻው ደንብ በተለይ በቸልታ የሚታይ አይደለም። በእኛ አገር መንገድ ላይ ከመሸ በኋላ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ወደ በረት የሚመለስ ከብት፣ በአስፋልቱ ጠርዝ የሚሄድ እግረኛ አይጠፋም፤ የትንሽ ሞተር የፊት መብራት ደግሞ እነዚህን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ፍሬን ለመያዝ ከረፈደ በኋላ ነው።

በመራዊ፣ በዱርቤቴና በዳንግላ አልፈን እንጅባራ ስንደርስ ጠዋቱ ገና አልሞቀም ነበር። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ከጣና ዳር ለመጣና ነፋሱን በደረቱ ለሚቀበል ሞተረኛ ብርዷ ቀላል አይደለም። ጓደኛዬ ቁርስ ከበላንበት ሻይ ቤት የቆየ ጋዜጣ ለምኖ ገጾቹን ከጃኬታችን ሥር ደረታችን ላይ አነጠፍናቸው። ደረት ሲበርድ እጅ ይደነዝዛል፤ ጣቱ የደነዘዘ ነጂ ደግሞ ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም በጊዜ አይጨብጥምና ይህን የምቾት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም።

እንጅባራን ያነሣሁት ግን ስለ ብርዷ ብቻ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው በዚህችው ከተማ ነው። በዓድዋ የዘመቱ ፈረሰኞችንና ፈረሶቻቸውን የሚዘክረው ይህ በዓል ከየወረዳው እጅግ ብዙ ጋላቢ ይሰበስባል፤ ፈረሶቹ ተሸልመው ይመጣሉ፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ጉግሱና ሽርጡ የሚካሄደው በሥርዓት ነው። ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ጋላቢዎች ከየአቅጣጫው ተጠራርተው መሰባሰባቸውን እንግዳ ነገር ልናደርገው አንችልም። የሞተር ነጂዎች ስብሰባም መመዘን ያለበት ሥርዓት አለው ወይስ የለውም፣ ለተሳታፊውና ለመንገዱ ምን ይጨምራል በሚለው ነው እንጂ በሞተሩ ድምፅ አይደለም።

ከቡሬ ወዲያ፣ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ በኩል፣ ከሁሉ ይልቅ ያሰጋን ድንጋይ ነበር። የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሹፌሩና ረዳቱ እንዳይንሸራተት ጎማውን በድንጋይ ይደግፉታል፤ ከኋላ የሚመጣውም እንዲጠነቀቅ ቅጠልና ድንጋይ ይደረድራሉ። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ባለ አራት ጎማው ጠምዝዞት ያልፋል፤ ለሞተር ነጂ ግን ኩርባ ላይ የተተወ አንድ ድንጋይ ሞት ሊሆን ይችላል። ጓደኛዬ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ባየ ቁጥር ዳር ይይዛል፤ ፍሬቻውን አብርቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ አንሥቶ ከቦዩ ወዲያ ይጥለዋል። ናፍጣ ፈስሶ ሲያገኝም ከመንገዱ ዳር አፈር እያፈሰ ይበትንበታል። ደምበጫ አካባቢ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ቆመው ሲያዩት ቆዩና እርሱ ብቻውን ሊያነሣው ያልቻለውን ትልቅ ድንጋይ ተጋግዘው ከመንገዱ አወጡት። ሾፌሮች ያነጠፉትን ድንጋይ አንሥተው እንዲሄዱ በመናኸሪያዎችና በኬላዎች ቢነገራቸው ምን ያህል ሰው እንደሚተርፍ ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደብረ ማርቆስ አድረን በማግሥቱ ደጀን ደረስን። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል የዓባይ በረሃ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ ነው። መሬቱ የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ በየቦታው ተጨማዷል፤ ከባድ መኪኖችም ፍሬናቸው እየሸተተ በዝግታ ይወርዳሉ። በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ሞተረኛ የፍሬን ሸራው ከመጠን በላይ ይግልበትና በሚያስፈልገው ሰዓት አይዝለትም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርደው ደግሞ ከዚህም የባሰ አደጋ ውስጥ ነው። ትክክለኛው አወራረድ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን እንዲይዝ ማድረግ፣ ፍሬኑንም ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጎ ለአጭር ጊዜ ይዞ መልቀቅ ነው። ከታች፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተሠራው አሮጌ ድልድይ ጎን በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ተሻግረን ጥላ ባገኘንበት ቆምን። ጓደኛዬ ከላስቲክ ጠርሙሱ ጥቂት ውሃ በኋላ ጎማው ፍሬን ላይ ጠብ ሲያደርግ ውሃው ቸስ ሳይል ዝም ብሎ ወረደ፤ ፍሬኑ አለመጋሉን ያወቀው በዚህ ነው። የእኔንም እንደዚሁ አይቶ ነው ዳገቱን እንድንጀምር የፈቀደው።

ቢሾፍቱ ላይ ያገኘናቸው ነጂዎች የተለያዩ ነበሩ። ትልልቅ ሞተር ያላቸው የአዲስ አበባ ሰዎች ነበሩ፤ እንደኛ በመሥሪያ ቤት ሞተር ያረጁም ነበሩ፤ ዕቃ በማድረስ የሚተዳደሩ ወጣቶችም አልጠፉም። ደብዳቤ ጸሐፊው እንደሚያስቡት ወዲያው በከተማው መዞር አልተጀመረም። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ሙሉውን ሥልጠና ነበር።

ልምድ ያላቸው አንድ አንጋፋ ነጂ ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ሰፊ አስፋልት ላይ ደርድረው ፍሬን አያያዝ አስተማሩን። ደረቅ አስፋልት ላይ ጠንከር ተደርጎ ፍሬን ሲያዝ የሞተሩና የነጂው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከማቆሚያው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከፊት ፍሬን ነው። በአገራችን ግን የፊት ፍሬን ይገለብጣል የሚል ፍርሃት ስላለ አብዛኛው ነጂ የሚተማመነው በእግሩ በሚረግጠው የኋላ ፍሬን ነው። በድንገት ሲረገጥ ደግሞ የኋላ ጎማው ይታሰርና እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ በየመንገዱ የምናየው ጥቁር የጎማ ጭረት የዚህ ምልክት ነው። ከዕቃ አድራሾቹ አንዱ ወጣት በመጀመሪያው ሙከራው ጠርሙሶቹን ሁሉ ጨፍልቆ አለፈ። መምህሩ አጠገቡ ሆነው የፊቱን ፍሬን በድንገት እንዳይጨብጠው፣ ይልቁንም ቀስ ብሎ ጀምሮ እያጠበቀ እንዲሄድ ደጋግመው አሳዩት። ከቀትር በፊት ያ ልጅ በፊት ይፈልገው በነበረው ርቀት ግማሽ በማይሞላ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ጎዳና ሲመለስ ኳስ ተከትሎ ከፊቱ ለሚገባ ሕፃን ያ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስበው።

ቀጥሎ በመጋዝ ለሁለት የተሰነጠቀ ሄልሜት ቀረበልን። ጭንቅላትን የሚያተርፈው የላዩ ጠንካራ ቅርፊት ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያለው ወፍራም ፎም ነው፤ ፎሙ ግጭቱን እየተጨፈለቀ ይቀበላል፣ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ በኋላ ግን መልሶ አያገለግልም። ስለዚህ አደጋ የደረሰበት ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም መቀየር አለበት፤ ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜትም ነጂው መሬት ሳይነካ ከራሱ ላይ ይወልቃል። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ሄልሜት በሞተር ነጂዎች ላይ የሚደርስን ሞት 42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ 69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጓደኛዬም በተራው የወደቀ ሰው እንዴት እንደሚረዳ አስተማረ፦ የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱ ተጎትቶ እንዳይወልቅ፣ አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ ራሱ በሁለት እጅ ተደግፎ እንዲቆይ፣ የሚፈሰው ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ እንዲያዝ፣ ከሁሉም በላይ እጅና እግሩን ይዞ አንጠልጥሎ ባጃጅ ውስጥ መወርወር እንዲቀር። ይህ የመጨረሻው ከደግነት የሚደረግ ነገር ነው፤ ነገር ግን የጀርባ አጥንቱ የተጎዳን ሰው ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

ወደ ከተማችን ስመለስ ግን የማየው ሌላ ነው። በዘንባባዎቹ ሥር ባለው ሰፊ ጎዳና፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው በ380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይና ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ፣ ሄልሜቱን በክርኑ ያንጠለጠለ ወይም ስፖኪዮው ላይ የሰቀለ ነጂ አይጠፋም፤ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ያጠልቀዋል፣ አልፎት ሲሄድ መልሶ ያወልቀዋል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው፣ ብዙ ጊዜም እናትና ሕፃን፣ ጭራሽ ሄልሜት የለውም። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው በእግሩና በብስክሌት በሚንቀሳቀስባት ከተማ የሞተር ነጂው ጥፋት ለሌላውም ይተርፋል። እስከዚህ ድረስ ከደብዳቤ ጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

የምንለያየው በእገዳው ላይ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ በሞተሮች እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ስትጥል፣ ሥራቸው በሞተር ለሆነ ሰዎች በምዝገባና በፈቃድ የሚንቀሳቀሱበትን መንገድ ማበጀት ግድ ሆኖባታል። የክትባት መድኃኒት ይዞ ወደ ገጠር ጤና ኬላ የሚሄደው ባለሙያ፣ የታመመ ከብት ለማየት የሚጠራው የእንስሳት ሐኪም፣ ቤተሰቡን ዕቃ በማድረስ የሚያስተዳድረው ወጣት ሞተሩን ቢቀማ የሚተካለት የለም። መንጃ ፈቃድ ኪሱ ውስጥ እያለ ፍሬን መያዝ ያልተማረውን ሰው ደግሞ እገዳ አያስተምረውም፤ ከአንዱ መንገድ ቢባረር በሌላው ይገጫል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የከተማችን የትራንስፖርት ኃላፊዎችና የትራፊክ ፖሊስ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ባሉት ሰዓቶች፣ መኪና የማይገባበት አንድ ሰፊ አስፋልት ወይም ግቢ ይፍቀዱልን። ፖሊሶቹ በዚያ ዕለት የሚመጡት ለመቅጣት ሳይሆን ለማስተማር እንዲሆን እንለምናለን። በየሱቁ የሚሸጡት ሄልሜቶችም ፎም ያላቸው ናቸው ወይስ የላስቲክ ቅርፊት ብቻ እንደሆኑ የሚመለከተው አካል ይፈትሽልን። ሥልጠናውን እኔና ጓደኛዬ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ሌሎች አንጋፋ ነጂዎች ጋር፣ ያለ ክፍያ እንሰጣለን፤ ጠርሙሶቹንም እኛ እናመጣለን። በመጀመሪያው ዙር ቅድሚያ እንዲያገኙ የምንፈልገው ሰውና ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደሩት ወጣቶች ናቸው፤ በየማኅበሮቻቸው በኩል ጥሪው እንዲደርሳቸው ጋዜጣችሁ ቢያግዘን እናመሰግናለን።

አክባሪያችሁ፣
ባሕር ዳር ነዋሪ የሆንሁ አንባቢያችሁ