የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለስካውቶችም ይከፈት

ክቡር አዘጋጅ፣

እዚህ ሜሪላንድ ሐበሻ ወላጆች ስንገናኝ ወሬያችን ያው ነው፤ ልጆቹ ከስልክ አልነሳ አሉ። ቤተ ክርስቲያኖቻችን አንድ ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ልጆች ካምፕ የሚወጡበትንና ሰፈራቸውን የሚያገለግሉበትን የስካውት ቡድን ስፖንሰር ያድርጉ።

በአሜሪካ የስካውት ቡድን የሚቋቋመው በስፖንሰር ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ወይም የሰፈር ማኅበር በየዓመቱ የሚታደስ ውል ይፈርማል፣ መሰብሰቢያ ቦታ ይሰጣል፣ መሪዎቹን ያጸድቃል። ሜቶዲስቶችና ካቶሊኮች ይህን ለረጅም ዘመን ሠርተውበታል። የግሪክ ኦርቶዶክሶችም የራሳቸው ቡድኖች አሏቸው። የኔ ልጅ የሚሄደው ሜቶዲስቶች ዘንድ ነው። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የኛ አዳራሽ ግን ሰኞ ማታ ተቆልፎ ያመሻል።

ሰንበት ትምህርት ቤት አለን የሚሉ አሉ። አለን፣ ይጠንክርም። ስካውት ደግሞ ልጁን ወደ ሰፈሩ ያወጣዋል። በኅዳር አካባቢ በየቤቱ እየዞሩ የታሸገ ምግብ ለችግረኞች ይሰበስባሉ። ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1985 ሴንት ሉዊስ ከተማ ተጀምሮ ነው አገሩን ያዳረሰው። ልጄ እንዲህ መዞር ከጀመረ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የማንለዋወጣቸው ጎረቤቶች በስሙ ይጠሩታል። ካምፕ ሲወጡ የሚበሉትን የሚያቅዱትም የሚያበስሉትም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ልጄ በጾም ወቅት ለጓደኞቹ ሽሮ ሠርቶላቸው ድስቱን ጠርገው በሉለት! የስካውት ከፍተኛው ማዕረግ ላይ ደርሶ ኢግል ስካውት ለመባል ደግሞ ቢያንስ 21 ባጅ (የችሎታ ምልክት) ማግኘትና ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ሥራ አቅዶ፣ ሌሎችን አስተባብሮ መጨረስ ያስፈልጋል። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሴቶች ልጆችም እዚህ ማዕረግ ላይ መድረስ ይችላሉ።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። የአሜሪካ የስካውት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ኪሳራ ያወጀው በልጅነታችን ተደፍረናል ብለው የከሰሱት ሰዎች ስለበዙበት ነው። በመጨረሻ ከ82,000 በላይ ሰዎች ካሳ ጠየቁ። ስፖንሰር የነበሩ ቤተ ክርስቲያናትም ከጉዳዩ አላመለጡም። ስለዚህ ቁልፍ ሰጥቶ ዞር ማለት አይቻልም። ዛሬ ደንቡ ጥብቅ ነው። መሪ ሁሉ ሥልጠና ይወስዳል፣ የኋላ ታሪኩ ይጣራል። ልጆች ባሉበት ሁሉ 21 ዓመት የሞላቸው ቢያንስ ሁለት የተመዘገቡ አዋቂዎች መኖር አለባቸው። እኔን የሚያሰጋኝ የኛ ይሉኝታ ነው። የተከበረ ሰው ሲመጣ «እሳቸውንማ እንዴት እንጠይቃለን?» እንላለን። መጠየቅ አለብን። ዲያቆን ይሁን ሐኪም፣ የምናውቀውም ሰው ቢሆን፣ ወረቀቱን ይሙላ። ሰበካ ጉባኤው ይህን ደፍሮ ማድረግ ካልቻለ ባይጀምረው ይሻላል።

መሪ ከየት ይመጣል ለሚል፣ በጃንሆይ ዘመን አገር ቤት ስካውት የነበሩ አባቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ደርግ ሲመጣ ነው የተቋረጠባቸው። ተራራ መውጣቱ ቢቀርባቸው ቋጠሮ ማሰር ያስተምሩልናል፣ ወጣት ወላጆችም አብረዋቸው ይቁሙ።

የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ጉዳዩን በሚቀጥለው ስብሰባው አጀንዳ እንዲያደርገው እለምናለሁ። ጋዜጣችሁም ቡድን ስፖንሰር የሚያደርጉ አብያተ ክርስቲያናትን አነጋግሮ ወጪውንና ኃላፊነቱን ቢያስነብበን ትልቅ ውለታ ነው።

አንድ ወላጅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ